ሰባት ቤት ቆጠራ በማሪዬታ

«ህንዳዊ ብቻ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ!» አሉ ጋሼ ይመር የመኪናዬን ጣሪያ በመዳፋቸው እየመቱ። «ህንዳዊ ከሆነ አንዛመድም። አለቀ፤ እመርቃለሁ። እሱ ግን በገዛ አፉ ሐበሻ ነኝ አለኝ። ሐበሻ ከሆነ ሰባት ቤት ይቆጠራል።»

«ሊያስደስትዎ ብሎ እኮ ነው ጋሼ! ላይክ፣ የጥንት ሰዎቻችን ከእናንተ አገር ናቸው ለማለት። በቃ!» እኅቴ ዘምዘም የሆስፒታል ዩኒፎርሟን ለብሳ የራሷ መኪና በር ላይ ተደግፋለች። ለግማሽ ቀን ሥራ ልትገባ ነው።

«ታዲያ ይቁጠራ! የሚያስፈራው ምን አለ?»

«ስንት ዘመን ህንድ ውስጥ የኖረ ሰው ከእኛ ጋር በየት በኩል ይዛመዳል?»

«እሱን ቆጥረን እናየዋለና!»

«ሙሄ፣ አንተ የሆነ ነገር በላቸው እንጂ!» አለችኝ። እኔ የመኪናዬን በር ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር መሄድ ፈልጌ ነበር።

ጋሼ ይመር የአባታችን ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉን እሳቸው፣ አትላንታ ስንመጣም አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው የጠበቁን እሳቸው ናቸው። ወሎዬዎች ነን፤ ሙስሊሞች። በሃይማኖታችን የአጎት ልጅ ማግባት አይከለከልም፤ በአገራችን ልማድ ግን እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ጋሼ ከሁለቱ ሁልጊዜ የሚመርጡት ጠበቅ ያለውን ነው። እሳቸው ካልመረቁ ዘምዘም ኢምራንን አታገባም፤ ይህን እኔም እሷም እሳቸውም እናውቃለን።

ኢምራን የጉጃራት ልጅ ነው። ከህንድ ምዕራብ ጠረፍ። የእሱን ወገኖች እዚያ «ሐብሺ» ይሏቸዋል፤ ባሕር ተሻግረው የመጡ ጥቁር ህንዶች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ቤታችን ሲመጣ ይህንን እንደ ስጦታ አድርጎ ነበር ለጋሼ ያቀረበው። የሚሆነውን አላወቀም።

ከታከር መነሻ

ዘምዘም «ቶሎ ቴክስት አድርግልኝ» ብላ ሄደች። እኔና ጋሼ ታከር ካለው ቤታችን ወጣን። የፖለን ሰሞን ነው። አትላንታን የማያውቅ ሰው ይህን ላያምን ይችላል፤ ከጥዶቹ የሚወርደው ብናኝ ከተማውን በአንድ ሌሊት ቢጫ ያደርገዋል። የመኪናው መስታወት፣ የፖስታ ሳጥኑ፣ በረንዳ ላይ የተረሳ ጫማ ሳይቀር ቢጫ ነው። ንፋስ አልነበረም። ፀሐይዋ በብናኙ ውስጥ ስትታይ የቆየ ነሐስ ትመስላለች። ዋይፐሩን ሳበራ መስታወቱ ላይ የሁለት እጅ ጣቶች የጠራረጉት የሚመስል ምልክት ቀረ።

የጋሼ ዓላማ ዘር መቁጠር ነው። የእኔ ሌላ ነው። ግጥም መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ምግብ ሳደርስ ቀይ መብራት ላይ እየቆምኩ ስልኬ ላይ በመጻፍ ነው የተማርኩት። ኢምራንን ካወቅሁት ጀምሮ ደግሞ የህንድን ሕዝብ ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍትን ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ሳነብ ከረምኩ። የሕዝቡ ታሪክ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ይታየኝ ጀመር፤ በተራራው በር የሚገባ አለ፣ በባሕሩ በር የሚገባ አለ፣ ገብቶ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤት ረጅም ግጥም ልጽፍ አስቤ ነበር። ለዚህም የኢምራንን አያት ማየት ነበረብኝ። የሚኖሩት ማሪዬታ ውስጥ፣ ታላቅ ወንድሙ በሚያስተዳድረው ሞቴል ነው።

ኖርክሮስ

ባዶ እጅ አይገባም አሉ ጋሼ። ኢምራን ኖርክሮስ በሚገኝ የህንድ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ይሠራል፤ ልንወስደው እዚያው ፓርክ አድርገን ገባን። ከውጭ ሲያዩት የቀድሞ መጋዘን ነው። በውስጡ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የሩዝ ጆንያ፣ የምስር ዓይነት፣ የብረት ሳህን፣ የሠርግ ሻሽ አለ። ጋሼ እርድ እያሸተቱ ይዞሩ ጀመር።

«ደሴ ሒሳብ ያስተማረን ህንዳዊ ነበር» አሉኝ። «በአንድ ኮት ነው ዘመኑን የጨረሰው። በዱላ አይመታም፤ ዝም ብሎ ያይሃል። እሱ ሲያይህ ከመመታት ይብሳል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ፣ "ከጋንጃ ሌላ ህንድ የምትታወቀው በምንድን ነው?" ብሎት ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። "ዜሮን የሰጠናችሁ እኛ ነን፤ አንተ ደግሞ በየፈተናው ትጠቀምበታለህ" አለው።»

ኢምራን ሽርጡን እያወለቀ መጣ። ረጅም፣ ጠቆር ያለ፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሐበሻ የሚበዛበት ክላርክስተን ውስጥ ሲሄድ ሐበሾች በአማርኛ ሰላም ይሉታል። ዘምዘም ያስተማረችውን ቃል አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለ። ጋሼ ደስታቸውን ደብቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጣፋጩ መስኮት በወተት የተሠራውን አስመዘኑ፤ ፓውንዱ አሥራ ሁለት ዶላር ነው። ኢምራን ሊከፍል ሲል እጁን መቱት።

ወደ መውጫው ስንሄድ ኢምራን አንድ መደርደሪያ አሳየኝ። «ታሪካችንን ከመጽሐፍ ከምታነብ ይህን እይ» አለ በእንግሊዝኛ፤ ከእኛ ጋር የሚያወራው በሱ ነው። «ይኼ ቁንዶ በርበሬ ነው። መርከቦቹ ሁሉ የመጡት ለሱ ነበር። ይኼ ሚጥሚጣ ደግሞ የእኛ አይደለም፤ ፖርቱጋሎች ናቸው ከዚህ ከአሜሪካ ወስደው ያመጡልን። ዛሬ ያለሱ መብላት አንችልም። ይኼ ሻይ፣ እንግሊዞች ናቸው በብዛት ያስተከሉት። ስኳሩ የኛ ነበር፤ በኋላ ግን በሱ ምክንያት ሰዎቻችንን በመርከብ ጭነው ሩቅ ደሴቶች ላይ ሸንኮራ ያስቆርጧቸው ጀመር።»

«እናንተስ?» አልኩት። «የእናንተ ሰዎች በየትኛው መደርደሪያ ናችሁ?»

ፈገግ አለና በሩን ከፈተልን።

285 ላይ

ጋሼ ከፊት፣ ኢምራን ከኋላ ተቀመጡ። 285 የሚባለው የከተማው የቀለበት መንገድ ለቅዳሜ ጭር ብሏል። ዳሽቦርዱም ላይ ብናኝ ገብቷል፤ በየት እንደገባ እንጃ።

ጋሼ ነገሩን ማርዘም ስለሚወዱ ኢምራንን «የአገርህን ታሪክ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉት። እሱም ከጡብ ከተሞቹ ጀመረ። መንገዳቸው ቀጥ ያለ፣ ፍሳሻቸው በሸክላ ቦይ የሚሄድ፣ የንጉሥ ሐውልት ያልተገኘባቸው ከተሞች። ጽሕፈት አላቸው፤ እስከ ዛሬ ያነበበው ሰው የለም።

«የት ሄዱ?» አሉ ጋሼ።

«እንጃ። ወንዙ ሸሸ ይላሉ። ሰዎቹ ቀስ በቀስ በራቸውን እየዘጉ ወደ ምሥራቅ ሄዱ።»

ከዚያ በተራራው በኩል ከብት እየነዱ የመጡትን፣ ሲዘምሩ የኖሩትን ተረከ። ጦርነት ያንገሸገሸው ንጉሥ ምክሩን ድንጋይ ላይ ያስቀረጸበትን ዘመን፣ ሱልጣኖቹን፣ መቃብራቸውን ከቤተ መንግሥታቸው ያስበለጡትን የሞጎል ነገሥታት፣ ሊነግድ መጥቶ አገር የገዛውን የእንግሊዝ ኩባንያ ቀጠለ። አገሩ ለሁለት ሲከፈል ከሁለቱም ወገን በባቡር ተሳፍረው ሬሳ ሆነው የደረሱትን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ «ከዚያ ደግሞ እኛ መጥተን የአሜሪካን ሞቴል በሙሉ ገዛን» ሲል ጋሼ ሳቁ።

«እናንተ ሞቴሉን፣ እኛ ፓርኪንጉን! እንግዲህ ለአሜሪካኖቹ የቀረላቸው መንዳት ብቻ ነው» አሉ፤ እዚህ ፓርኪንግ የሚሠራው ብዙው ሐበሻ ነው።

ለትንሽ ጊዜ መኪናው ውስጥ ቤተሰብ የሆንን መሰለኝ። ኢምራን ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «አያቴ ዛሬ ትንሽ…» ብሎ ቆመ። «ሐበሾች ይመጣሉ ስላት ደጋግማ ስንት ናቸው አለችኝ። ሁለት ናቸው ብላት አላመነችኝም።»

ማሪዬታ

ሞቴሉ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ፣ በጥዶች መካከል ያለ ባለ አንድ ፎቅ ረጅም ሕንፃ ነው። መኪና አልቆመበትም። የክፍሎቹ በሮች በሙሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። በየክፍሉ ቴሌቪዥን በርቷል፤ ድምፅ ግን የለም። አንድ ሰውዬ በአሥራ ምናምን ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሚያየው ሰው የለም። ኢምራን፣ «መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ወንድሜ ቼክ እያደረገ ነው» አለ። ወንድሙን ግን አላየነውም።

በመሐል የመዋኛ ገንዳ አለ። ውሃው የተደፋ ነው። ከታች ቢጫ ብናኝ ተኝቶበታል፤ በብናኙ ላይ ደግሞ የትንንሽ እግሮች ዱካ ይዞራል። የወንድሙ ሦስት ልጆች ገንዳው ውስጥ ይጫወታሉ። ከመኪናው እንደወረድን ከመጨረሻው ክፍል አንዲት አሮጊት ወጡ። እኛን ሰላም አላሉም። ሦስት ስም ጠሩ፤ ጮክ ብለው ሳይሆን አጠገባቸው ላለ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ። ልጆቹ ሳያጉረመርሙ አንድ በአንድ መሰላሉን ወጡ። አሮጊቷ የእያንዳንዱን ራስ በመዳፋቸው ነክተው ወደ ክፍሉ አስገቧቸው። ከዚያ ኢምራንን ጠሩት፤ ጎንበስ ብሎ ራሱን ሰጣቸው፤ የሱንም ነኩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ እኛ ዞረው፣ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። «እትዬ ፋጡማ…» አሉ ለራሳቸው። የሞቱት እኅታቸው ስም ነው። አሮጊቷ ልክ እንደ እሳቸው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ሰበር አድርገው ያያሉ፤ እኔም አክስቴን በፎቶ አውቃቸዋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ አልጋ የለም። ምንጣፍ፣ ትራስ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የተሸፈነ ከበሮ አለ። ልጆቹ ከመጋረጃው ጀርባ እንደተቀመጡ ትንፋሻቸው ይሰማል። ሻይ ተቀዳልን። የጣፋጩን ሳጥን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳይከፍቱ አጠገባቸው አኖሩት።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልማዳችንን አስረዱ። ኢምራን ወደ ጉጃራትኛ መለሰው። አሮጊቷ የሚገርም ነገር የሰሙ አልመሰሉም። የብረቱን ኩባያ አነሡና በቀለበታቸው መምታት ጀመሩ። ስም ከመጥራታቸው በፊት ምት አለ፤ ለእያንዳንዱ ስም የተለየ።

«ኢምራን። የሰሊም ልጅ። ሰሊም የጁማ። ጁማ የሙባረክ። ሙባረክ የፈረጅ። ፈረጅ የአልማዝ።»

«አልማዝ የሴት ስም አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሼ።

ኢምራን ተረጎመና መልሱን ይዞ መጣ። «ወንድ ነው ትላለች። የገዟቸው ሰዎች ናቸው ስም የሚያወጡላቸው። አልማዝ፣ ያቁት፣ ሰንደል። የሚወዱትን ዕቃ ስም ይሰጧቸዋል።»

የጋሼ ጉልበት ከምቱ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ራሳቸው ያወቁት አይመስለኝም። ወሎ ውስጥ በድቤ የሚመታ ምት ነው። ከአልማዝ በኋላ ግን ስም አልመጣም። ምቱ ቀጠለ፤ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ጋሼ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ሰባተኛው ይኼ ነው» አለ ኢምራን። «አልማዝ የአባቱን ስም የሚያውቅበት ዕድሜ አልነበረውም። ለልጆቹ የነገራቸው መንገዱን ብቻ ነው። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲወርዱ ብዙ ቀን ሄዱ። የወሰዳቸው ሰው አልመታቸውም። ቆሎ ይሰጣቸው ነበር። ሲያለቅሱ ያባብላቸው ነበር። ቋንቋቸውን ይናገር ነበር።»

ከጎረቤት ክፍል የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን በረንዳው ላይ ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ቀና አሉ። «እንግዲህ በሚታወቀው አልተገናኘንም» አሉ። «ያልታወቀውን ደግሞ አላህ ያውቀዋል። እኔ መርቄያለሁ።» እኔን አየት አደረጉኝ፤ ዘምዘምን ላሳውቃት ስልኬን አወጣሁ።

አሮጊቷ ግን እጃቸውን ወደ ጋሼ ዘረጉ። አሁን የእርስዎ ተራ ነው ማለታቸው ነበር፤ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ጋሼ ይህንን ይወዱታል። ቁጭ ብለው ተስተካከሉ። «ይመር አሊ። አሊ እንድሪስ። እንድሪስ ሙሄ። ሙሄ ይማም። ይማም ሐሰን። ሐሰን አህመድ።» አህመድ ላይ ሲደርሱ እንደ ወትሮው ድምፃቸው ከፍ አለ። «አህመድ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ምጽዋ ድረስ ይወርዳል። የህንድ ሐር ለብሳ የተዳረች የመጀመሪያዋ የአገራችን ሙሽራ የእሱ ልጅ ናት። ከህንድ ጋር የተዋወቅነው ዛሬ አይደለም በላቸው!»

ኢምራን ተረጎመ። አሮጊቷ ጠየቁ።

«ሐሩን በምን ገዛው?» አለ ኢምራን።

«በማር። በሰም። ዝባድም ነበረው፣ የዝሆን ጥርስም።»

እንደገና ጠየቁ። ኢምራን ወዲያው አልተረጎመም። አያቱን አየ፣ ምንጣፉን አየ። «"እቃውን ይዘው ከሱ ጋር የወረዱት ሰዎች" ትላለች፣ "አብረውት ተመለሱ ወይ?"»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የመጣሁ ነኝ፤ የበቅሎዎቹን ቀለም እንኳ አውቃለሁ። ስለ ሰዎቹ የተባለ ነገር የለም። ጋሼም ትዝታቸው ውስጥ ፍለጋ ሲገቡና ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ፊታቸው ላይ አየሁ።

«እሱ አልተነገረኝም» አሉ በመጨረሻ።

አሮጊቷ ረዘም ላለ ጊዜ ተናገሩ። ቁጣ የለበትም፤ ለታመመ ሰው የሚነገር ነው የሚመስለው። ኢምራን ቀስ በቀስ ከንፈሩ አመድ ለበሰ። ሲጨርሱ ዝም አለ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱንም ወገን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። የፈለገውን ሊለን ይችላል። «መርቃለች» ቢለን ከማን እንሰማለን?

«"ሰውየው ክፉ አይደሉም" ትላለች» አለ። «"ልጅቷም ደግ ትሆናለች። ግን እኛ አንድ ልማድ አለን። ከዚያ ባሕር ማዶ ሰው ሲመጣ ልጆች ይቆጠራሉ። ሲሄድም ይቆጠራሉ። እናንተ የሞቱትን ትቆጥራላችሁ፣ እኛ በሕይወት ያሉትን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቆጥሬ አንድ እንዲጎድልብኝ አልፈልግም። ልጄን አልሰጥም" ትላለች።»

ተረጎመና ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወደ መኪናው ስንሄድም አልተከተለንም። ሞተሩን ሳስነሣ ከክፍሉ ውስጥ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስም ይጠራል። አራት ስም።

ወደ ታከር መልስ

ጋሼ እስከ 285 መግቢያ ድረስ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነበሩ። የፊት መስታወቱ እንደገና ቢጫ ለብሷል፤ ዋይፐሩን ማብራት አስጠላኝ።

«ብጠይቅ ምን አለበት ብዬ ነበር» አሉ። «እንደሚጠየቅ አላሰብኩም።»

እኔ የማነባቸውን መጻሕፍት አስብ ነበር። ወደዚያ ትልቅ ቤት ማን መቼ በየትኛው በር እንደገባ ደኅና አድርገው ይነግሩኛል። ከማን ቤት እንደወጣ ግን ስለ ስንቱ ጠየቅሁ? ግጥሜን የጀመርኩት በመግቢያው በኩል ቆሜ ነው፤ በመውጫው በኩል ያለው ቤት የእኛ ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አልመጣልኝም። አህመድ እቃውን ይዘው የወረዱትን ሰዎች ሸጧል አልልም። አልሸጠም ማለትም አልችልም። ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት ይህን ሁለቱንም አለመቻል ነው።

ዘምዘም ከሥራ ገብታ ሳሎን ውስጥ ጠበቀችን። ዩኒፎርሟን አልቀየረችም፤ ጫማዋን ብቻ አውልቃለች። ውጭ ገና ብርሃን ነው።

«ቴክስት የማታደርገው ምን ሆነህ ነው? እሺ ጋሼ፣ ዘመድ ሆንን?» እየሳቀች ነበር።

«አልሆንም። እኔ መርቄ ነበር» አሉ ጋሼ ቆመው። «እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«ማን? አያቱ? ለምን?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ነገርኳት፤ ምቱን፣ ቆሎውን፣ ጥያቄውን፣ ሁሉንም። ስለ አህመድ ሳወራ ጋሼ አላቋረጡኝም። ዘምዘም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኢምራንስ? እሱ ምን አለ?»

«ተረጎመ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም።»

ለትንሽ ጊዜ እጇን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሼ። «ተቀመጪ። እኛው ሽማግሌ እንልካለን። ልለምናቸው እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

«ከሴት ወገን ሽማግሌ ይላካል እንዴ ጋሼ?»

«አይላክም። እኔ ግን እልካለሁ!»

ዘምዘም ቀና ብላ አየቻቸው። ልትስቅ ወይም ልታለቅስ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረገችም። ቁልፏን አነሣች።

«እርስዎ ከአያቱ ጋር ያለዎትን ይጨርሱ» አለች። «እኔ የሱን መልስ ነው የምፈልገው። የሚለው ነገር ካለ ይበለኝ። ከሌለውም፣ ምንም አለማለቱን ፊት ለፊቴ ያድርገው።»

ጋሼ መንገዷ ላይ ቆመው ነበር። ገለል አሉላት። እሷም ወጣችና በሩን ዘጋችው።